ትርፍ ሰዓት አለኝ ግን አላረካኝም ለምትሉ፦ በአራት ሳምንት ራስን መፈተሻ መንገድ

ማታ ማታ የምሰራው ተጨማሪ ስራ ነበረኝ፣ ተውኩት። ሂሳቤ ቀላል ነበር፣ ሰዓት ካገኘሁ እዝናናለሁ፣ ከተዝናናሁ ህይወቴ ደስ ይለኛል፣ አለቀ። ሶስት ወር አለፈ፣ ሰዓቱ አለ እርካታው የለም። ጭራሽ ሰኞ ጠዋት ስነሳ ቅዳሜና እሁድን ምን ሰራሁበት ብዬ ሳስብ ትዝ የሚለኝ ነገር የለም፣ ስልኬን ይዤ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ነው ያለፈው፣ የሚገርመው ደግሞ ደክሞኛል። ከዛ ነው ስለነገሩ ማንበብ የጀመርኩት፣ ለካ ትርፍ ጊዜና የህይወት እርካታ እንዴት እንደሚገናኙ ስንት አመት ሙሉ ሲጠና የኖረ ነገር ነው። ካነበብኩት ውስጥ ራሴ ላይ ሞክሬ የሰራልኝን በቅደም ተከተል አስቀምጥላችኋለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል (የምጠቅሳቸው አመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ2015 ሎረን ኩይከንዳል እና ባልደረቦቿ በዚህ ጉዳይ ላይ የተሰሩ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው ሲያዩ፣ ሰው ትርፍ ጊዜው ላይ የሚያደርገው ነገር ወደ ህይወት እርካታ የሚደርሰው በትርፍ ጊዜው ራሱ በሚሰማው እርካታ በኩል ሆኖ አገኙት። ስንት ሰዓት አለህ የሚለው ልኬት ደግሞ ምን ያህል ደጋግመህ ታደርገዋለህ፣ ስንት አይነት ነገር ታደርጋለህ ከሚሉት የደከመ ሆነ። እኔ ሶስት ወር ሙሉ የቆጠርኩት ግን ሰዓት ነበር፣ የተሳሳተውን ነገር ማለት ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ በቀን አስር ደቂቃ እና አራት ሳምንት። አፕ አያስፈልግም። አፕ ላውርድ ብላችሁ ስልክ ካነሳችሁ በዛው ቀራችሁ፣ ከራሴ አውቀዋለሁ።

1. መነሻችሁን ለኩ

ይሄን የሚዘሉት ሰዎች ብዙ ናቸው፣ እናንተ እንዳትዘሉት፣ ምክንያቱም ከአራት ሳምንት በኋላ የዛሬውን ስሜታችሁን በትክክል አታስታውሱትም።

የህይወት እርካታ ማለት አሁን ደስ ብሎኛል ወይ ማለት አይደለም፣ እሱ ሙድ ነው፣ ይመጣል ይሄዳል። እርካታ ቁጭ ብላችሁ ህይወታችሁን በጠቅላላው ስትገመግሙት የምትሰጡት ፍርድ ነው። አንድ ሰው ዛሬ ተናዶ ህይወቱን ግን ሊወዳት ይችላል፣ ሌላው ደግሞ ሲስቅ ውሎ ማታ ላይ ይሄ ነው ህይወቴ? ሊል ይችላል።

ሁለት መለኪያ ተጠቀሙ። አንደኛው መሰላል ነው፣ ሃድሊ ካንትሪል የሚባል ተመራማሪ በ1965 ያወጣው፣ በየአመቱ የሚወጣው የአለም የደስታ ሪፖርትም አገሮችን ደረጃ የሚያወጣው በዚሁ ጥያቄ ነው። ከታች 0 ከላይ 10 ያለው መሰላል አስቡ፣ ጫፉ ላይ ለእናንተ ሊሆን የሚችለው ምርጡ ህይወት አለ፣ ታች ደግሞ መጥፎው፣ አሁን ስንተኛው ላይ ቆማችኋል? ቁጥሩን ጻፉ። ብዙ አታስቡ፣ መጀመሪያ የመጣላችሁን።

ሁለተኛው ኤድ ዲነር እና ባልደረቦቹ በ1985 ያወጡት ባለ አምስት አረፍተ ነገር መጠይቅ ነው። ሀሳቡን በራሴ አባባል ላስቀምጠው፦ ህይወቴ ከምመኛት ህይወት ጋር ትቀራረባለች፣ ያለሁበት ሁኔታ ጥሩ ነው፣ በህይወቴ ረክቻለሁ፣ እስካሁን ዋና ዋና የምፈልጋቸውን ነገሮች አግኝቻለሁ፣ እንደገና ብኖር ብዙም የምቀይረው የለም። ለያንዳንዱ ከ1 (በፍጹም አልስማማም) እስከ 7 (በጣም እስማማለሁ) ስጡና ደምሩት። ድምሩ ከ5 እስከ 35 ይመጣል፣ 20 መሃል ላይ ነው፣ ከ26 በላይ ከሆነ ረክታችኋል፣ ከ15 በታች ከሆነ ደግሞ በደንብ አልረካችሁም ማለት ነው።

ከዚህ ጋር እኔ የጨመርኳት አንዲት ጥያቄ አለች፣ በትርፍ ጊዜዬ አጠቃቀም ምን ያህል ረክቻለሁ፣ ከ1 እስከ 7። የኔ 2 ነበር። በኋላ ላይ ከሁሉም በላይ የጠቀመችኝ ይቺ ናት።

ከሰው ጋር የተጣላችሁበት ቀን ወይ ደሞዝ የገባበት ቀን ላይ አትሙሉት፣ ተራ ማክሰኞ ምናምን ምረጡ። ከዛ ገጹን እጠፉትና እስከ መጨረሻው ሳምንት አትዩት።

2. ቀናችሁን በክፍል በክፍል ቁረጡት

የመጀመሪያው ሳምንት ስራ ይሄ ብቻ ነው። ምንም አትቀይሩ፣ ዝም ብላችሁ መዝግቡ።

ዳንኤል ካህነማን እና ባልደረቦቹ በ2004 ቴክሳስ ውስጥ 909 ሰራተኛ ሴቶች ላይ የሞከሩት ዘዴ አለ፣ ሰውየው ትላንትናውን እንደ ፊልም ትእይንት ይከፋፍለውና ለያንዳንዱ ምን እየሰራ ነበር፣ ከማን ጋር፣ ምን ተሰማው የሚለውን ይጽፋል። ውጤታቸው ላይ ከሰው ጋር መጫወት ከላይ ከሚመጡት ውስጥ ነበር፣ ወደ ስራ መመላለስ ደግሞ ከታች፣ እሱ ማንንም አያስገርምም። ዋናው ነገር ሰው ደስ ይለኛል ብሎ የሚያስበውና እየኖረው ደስ የሚለው ሁልጊዜ አንድ አለመሆኑ ነው፣ ያን ደግሞ በግምት አታገኙትም፣ በጽሁፍ ነው ሚወጣው።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ስትነሱ ትላንትን አስቡና ከስራ ውጪ የነበረውን ሰዓት ብቻ ክፍል ክፍል አድርጋችሁ ጻፉት። አራት አምድ ስሩ፦ ምን ነበር፣ ከማን ጋር፣ ስሜቴ ከ0 እስከ 6፣ እና ሃሳቤ የት ነበር። ሁለት የስራ ቀንና ሁለቱን የዊኬንድ ቀን መዝግቡ፣ ሰባቱንም ቀን እሞላለሁ ያለ ሰው ሶስተኛው ቀን ላይ ነው ሚሰለቸው።

አራተኛዋን አምድ እንደ ጌጥ አትዩዋት። በ2010 ኪሊንግስወርዝ እና ጊልበርት 2,250 ሰዎችን ቀን ላይ በድንገት በስልክ እየጠየቁ ባጠኑት ጥናት ሰዎቹ ከተጠየቁባቸው ጊዜያት 46.9 በመቶው ላይ ሃሳባቸው ከሚሰሩት ነገር ውጪ ነበር፣ ያኔም ደስታቸው ያነሰ ነበር። የምታደርጉት ነገር ምንም ጥሩ ቢሆን እናንተ እዛ ከሌላችሁ ምን ዋጋ አለው። የኔ መዝገብ ላይ ከጓደኛዬ ጋር የሄድኩት የእግር ጉዞ 3 ብቻ አገኘ፣ ለምን ብዬ ሳየው ሃሳቤ የት ነበር የሚለው ላይ "ኢሜይሉ" ብዬ ጽፌያለሁ። ሙሉ መንገድ አንድ ያልመለስኩት ኢሜይል!

ስልኬን ደግሞ "ዘና እያልኩ" ብዬ ነበር የምመዘግበው። አራቱም ቀን ላይ አለ፣ በድምሩ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ስሜት 2፣ 2፣ 1፣ 3። ያን ሳይ ትንሽ አፈርኩ። ስልክ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ እህቴን በቪዲዮ ያወራሁበት ሰዓት 6 ነው ያገኘው፣ ያውም በዛው ስልክ። ልዩነቱ ምን እንደሰራሁበት ነው።

3. ያላችሁን ሰዓት ቁጠሩ፣ ግን አንዴ ብቻ

ሰዓት ዋናው አይደለም ብያለሁ፣ ጭራሽ ከሌለ ግን ሌላው ምክር ሁሉ ቀልድ ነው። ስለዚህ ከመዝገባችሁ ላይ እንቅልፍ፣ ስራ፣ መንገድ፣ የቤት ስራ፣ ልጅ መንከባከብ አውጡና የቀረውን ደምሩት።

በ2021 ማሪሳ ሸሪፍ እና ሁለት ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት የ21,736 አሜሪካውያንን የጊዜ አጠቃቀም መረጃ አይተው ነበር። የሰዎቹ ደህና ነኝ የማለት ስሜት በቀን እስከ 2 ሰዓት ገደማ ድረስ ከትርፍ ሰዓት ጋር አብሮ ይጨምራል፣ ከዛ መጨመሩን ያቆማል፣ ከ5 ሰዓት በላይ ሲሆን ደግሞ መውረድ ይጀምራል። ታዲያ ብዙ ሰዓት ያለው ሰው ሰዓቱን ፍሬ አለው ብሎ በሚያስበው ነገር ሲያሳልፈው ያ መውረድ ይጠፋል። ስራ ፈት ሆኖ መዋል የሚያደክመን ለዚህ ይመስለኛል፣ ጡረታ የወጣ ዘመድ ያለው ሰው ምን እያልኩ እንደሆነ ይገባዋል።

ከ2 ሰዓት በታች ከሆናችሁ መጀመሪያ የምትፈቱት ሰዓቱን ነው። አቅም ካለ የማትወዱትን አንድ የቤት ስራ ለሌላ ሰው ከፍሎ ማሰራት ያዋጣል፣ በ2017 አሽሊ ዊላንስ እና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት ሰዎች ጊዜ በሚያተርፍላቸው ነገር ላይ ያወጡት ገንዘብ እቃ ከገዙበት የበለጠ አስደስቷቸዋል። አቅም ከሌለ ደግሞ መቀያየር አለ፣ ቅዳሜ አንዱ ልጆቹን ይይዛል፣ እሁድ ሌላው። ጨቅላ ልጅ ያላችሁ እናቶች ይሄን እያነበባችሁ እየሳቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ለእናንተ ሃያ ደቂቃም ትርፍ ሰዓት ነው፣ የሚቀጥለው ደረጃ ላይ በሃያ ደቂቃም ይሰራል።

4. አምስቱን ጥያቄ ጠይቁ

ከሁሉም ረጅሙ ደረጃ ይሄ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ስሩት፣ ሁለተኛውን ሳምንት በሙሉ ልትሰጡት ትችላላችሁ።

በ2014 ኒውማን፣ ታይ እና ዲነር የትርፍ ጊዜ ነገሮች ሰውን የሚያረኩት በምን በምን በኩል ነው ብለው የነበረውን ጥናት ሁሉ አገላብጠው አምስት መንገድ ለይተው አወጡ። እኔ ወደ አምስት ጥያቄ ቀየርኩት። መዝገባችሁ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነገር ውሰዱና ጠይቁት፦ ከስራ ሃሳብ አላቀቀኝ ወይ? በራሴ ፍላጎት ነው ያደረኩት ወይ? የሆነ ነገር ተማርኩበት ወይ ቻልኩበት ወይ? ለእኔ ትርጉም አለው ወይ? ከሰው ጋር አቀራረበኝ ወይ? ለያንዳንዱ አዎ ከሆነ ምልክት አድርጉ። አንድ ነገር አምስቱንም ማሟላት የለበትም፣ የሳምንቱ ድምር ላይ ግን ባዶ የቀረ ጥያቄ ካለ ችግሩ ያለው እዛ ጋ ነው።

ከስራ መላቀቅ ማለት መጋደም ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚ ጋ ነው። ሳቢን ሶነንታግ እና ሻርሎት ፍሪትስ በ2007 ሰው ከስራ ድካም የሚያገግምባቸውን ነገሮች በአራት ከፈሏቸው፦ ሃሳብን ከስራ ማላቀቅ፣ መዝናናት፣ አዲስ ነገር መቻል፣ እና ጊዜህን ራስህ ማዘዝ። እንደምታዩት መዝናናት ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው። ሶፋ ላይ ተጋድማችሁ ስለ ቦሳችሁ ካሰባችሁ ሰውነታችሁ እንጂ ጭንቅላታችሁ አላረፈም፣ ኳስ የሚጫወት ሰው ግን እየሮጠም ጭንቅላቱ ያርፋል፣ ምክንያቱም ኳሱ እየመጣ ስለ ሪፖርት ማሰብ አይቻልም። ክፋቱ ደግሞ ሶነንታግ ራሷ በኋላ እንደጻፈችው በስራ በጣም የተወጠረው ሰው፣ ማለትም እረፍቱ ከሁሉም የሚያስፈልገው፣ ከስራ መላቀቅ ከሁሉም የሚያቅተው ነው። ስለዚህ ስትረስ ሲበዛባችሁ "ዛሬ ደክሞኛል ልተኛ" የሚለውን ድምጽ ሁሌ አትመኑት፣ አንዳንዴ እውነቱን ነው አንዳንዴ ግን ይዋሻል።

በራስ ፍላጎት የሚለው ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። የጓደኞቻችሁ ቡድን በየሳምንቱ ስለሚገናኝ ብቻ እየሄዳችሁ ከሆነ፣ ቀርታችሁ ወሬ ስለሚሆን ብቻ ከሄዳችሁ፣ እሱ ግዴታ ነው፣ ምልክት አታድርጉለት። እኔ አንድ የስፖርት ቡድን ነበረኝ እንደዚህ፣ ሁለት አመት ሙሉ እወደዋለሁ ብዬ አስብ ነበር፣ ዝናብ ዘንቦ ሲሰረዝ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ደስ የሚላችሁ ነገር ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

መቻል፣ ትርጉምና ሰው የሚሉትን በምሳሌ ላሳይ። ማታ ማታ ኦንላይን ቼዝ ብቻውን የሚጫወት ልጅ አውቃለሁ፣ መላቀቅ አለው፣ ፍላጎት አለው፣ መቻል አለው በደንብ፣ ሰው የሚለው ግን ሳምንቱን ሙሉ ባዶ ነው። ቼዙን ተው አላልኩትም፣ በሳምንት አንዴ ፊት ለፊት ተጫወት ነው ያልኩት። ሌላዋ ደግሞ ሁሌ ከሰው ጋር ናት፣ ሰርግ፣ ልደት፣ መገናኘት፣ ሰው የሚለው አምድ ሞልቶ ፈሷል፣ የራሷ የምትለው ግን አንድ ነገር የላትም፣ ለሷ የጎደላት ብቻዋን ሆና የምትማረው ነገር ነበር። ሁለቱንም "ሆቢ ያዙ" ብሎ አንድ ምክር መስጠት ለሁለት በሽተኛ አንድ መድሃኒት ማዘዝ ነው።

የኔ ባዶ የነበሩት መቻልና ትርጉም ነበሩ። እናንተስ? ሳታዩ አትቀጥሉ።

5. ባዶውን የሚሞላ አንድ ነገር ምረጡ

አንድ። ሶስት አይደለም። በአንድ ሳምንት ጊታር፣ ሩጫና ቋንቋ የጀመረ ሰው በአራተኛው ሳምንት አንዱም ጋ የለም።

ሮበርት ስቴቢንስ የሚባል ሶሲዮሎጂስት በ1982 ያመጣው ክፍፍል እዚ ጋ ይጠቅማል። ቀለል ያለ መዝናኛ አለ፣ ፊልም ማየት፣ መጫወት፣ መጋደም፣ ወዲያው ደስ የሚል ስልጠና የማይፈልግ። ጠንከር ያለ ደግሞ አለ፣ ችሎታ የሚጠይቅ፣ አመታት የሚወስድ፣ አንዳንዴ የሚያናድድ፣ እንደ ሙዚቃ መሳሪያ፣ አትክልት መንከባከብ፣ መዘምራን ውስጥ መዘመር፣ ወፎችን እየለዩ መመዝገብ። ሁለቱም ቦታ አላቸው፣ ቀለል ያለውን የሚንቁ ሰዎች ያስቁኛል። ብዙዎቻችን ጋ ግን የሚጎድለው ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም መነሻው ላይ አይጣፍጥም።

ለምን እንደማይጣፍጥ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ በደንብ አሳይቷል። እሱ ፍሎው ያለው ሰው ነገር ውስጥ ገብቶ ሰዓቱን የሚረሳበት ሁኔታ የሚመጣው ፈተናውና ችሎታው ሲመጣጠኑ ነው፣ ፈተናው ሲበልጥ ጭንቀት ነው፣ ችሎታው ሲበልጥ መሰልቸት ነው። በ1989 ከሌፌቭር ጋር ባወጣው ጥናት ሰራተኞች ፍሎው የሚያገኙት ከትርፍ ጊዜያቸው ይልቅ ስራ ላይ በዝቶ ተገኘ፣ እየሰሩ ግን ሌላ ነገር በሰራሁ ይላሉ። እስቲ አስቡት፣ ጥሩ የሚሰማን ቦታ ላይ ሆነን መሄድ ነው የምንፈልገው፣ ከሄድን በኋላ ደግሞ የሚይዘን ነገር የለም። ስራ ግብ አለው፣ ፈተና አለው፣ ጥሩ ሰራህ መጥፎ ሰራህ የሚል መልስ አለው፣ ትርፍ ጊዜያችን ግን እነዚህን ካልሰጠነው የለውም።

ስለዚህ ስትመርጡ ትንሽ ብቻ የሚከብዳችሁን ምረጡ። እኔ በእርሳስ መሳል ነው የመረጥኩት፣ ልጅ እያለሁ እስል ነበር። ምን እንደምትመርጡ ካጣችሁ አስራ ሁለት አመታችሁ ላይ ማንም ሳያዛችሁ ምን ትሰሩ ነበር ብላችሁ ጠይቁ፣ ይሄ ጥያቄ ከየትኛውም የኦንላይን ፈተና የተሻለ ነው። የሰው ፊት ልሳል ብዬ ጀምሬ አስቀያሚ ስለሆነብኝ ወደ ኩባያና ወንበር ወረድኩ፣ ያኔ ነው ሰዓት መርሳት የጀመርኩት። እቃውን ደግሞ ከእጃችሁ አጠገብ አድርጉት፣ እርሳሱ መሳቢያ ውስጥ ስልኩ ሶፋ ላይ ከሆነ ማን እንደሚያሸንፍ ይታወቃል።

6. ቀን ያዙለት፣ ሰዓት ግን አትቁረጡለት

ሶስተኛው ሳምንት። እዚ ላይ እኔ ተሳስቼ ነበር፣ ካላንደሬ ላይ "ከምሽቱ 1:30 እስከ 2:15 ስዕል" ብዬ አስገባሁት፣ ሁለተኛው ቀን ላይ እንደ ስብሰባ ከበደኝ። በኋላ ሳነብ ለካ ስም ያለው ነገር ነው፣ ጋብርኤላ ቶኒየቶ እና ሰሊን ማልኮች በ2016 ባወጡት ጥናት መዝናኛን በደቂቃ ቀጠሮ መያዝ እንደ ስራ እንዲሰማ ያደርገዋል፣ ሰው በጉጉት መጠበቁም መደሰቱም ይቀንሳል። መፍትሄውም እዛው አለ፣ ላላ አድርጎ መያዝ፣ "ከስራ በኋላ"፣ "እሁድ ከሰዓት" ማለት። እንደዛ ሲሆን ያ ስሜት ይጠፋል።

ረጅም ሰዓት አንዴ ከመስራት አጭር ሰዓት ደጋግሞ መስራት ይሻላል። በወር አንዴ ሙሉ ቀን ከምትስሉ በሳምንት አራት ጊዜ ሃያ ደቂቃ። ልማድ እስኪሆን ግን ታገሱ፣ 21 ቀን ይበቃል ሚባለውን እርሱት፣ ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ 96 ሰዎች ላይ ሲከታተሉት መካከለኛው 66 ቀን ነው የወጣው፣ ከ18 እስከ 254 ቀን ድረስ ይሰፋል። አንድ ቀን መዝለል ያን ያህል አያበላሽም፣ ዘለልኩ ብሎ መተው ነው የሚያበላሸው።

7. እንዳታበላሹት

ገንዘብ። ስዕሎቼን ያየ አንድ ሰው ለምን አትሸጣቸውም አለኝ፣ እውነት ለመናገር ሁለት ቀን አስቤበታለሁ። ከዛ ሌፐር፣ ግሪን እና ኒስቤት በ1973 ያወጡትን አነበብኩ፣ መሳል የሚወዱ ህጻናትን ከሳላችሁ ሽልማት አለ አሏቸውና ሸለሟቸው፣ ከዛ በኋላ በነጻ ሲተዋቸው ሽልማት ካልተነገራቸው ልጆች ግማሽ ያህል ጊዜ ብቻ ነው የሳሉት። ጨዋታው ስራ ሆነባቸው። ሆቢውን ቢዝነስ ያደረገ ደስተኛ ሰው የለም አልልም፣ አለ፣ ግን ያን ስታደርጉ አንድ ስራ ጨመራችሁ እንጂ ሆቢያችሁ አብሯችሁ አይቆይም፣ ሌላ ሆቢ ፈልጉ። ለላይክ ብሎ መለጠፍም ያው ነው፣ እኔ አራቱ ሳምንት እስኪያልቅ ለማንም አላሳየሁም።

ሌላው "ጊዜ እያባከንኩ ነው" የሚለው ጸጸት። በ2021 እነዚሁ ቶኒየቶና ማልኮች ከሌሎች ጋር ሆነው መዝናናት ብክነት ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች በሚዝናኑበት ጊዜም ያነሰ እንደሚደሰቱ አሳይተዋል። መተው ካልቻላችሁ ቢያንስ ምክንያት ስጡት፣ "ይሄ እጄን እያፍታታልኝ ነው" በሉት፣ ለእኔ ያ ሰርቷል።

ሶስተኛው ሁሉንም ነገር ለአመት እረፍት ማጠራቀም ነው። ናቪን እና ባልደረቦቹ በ2010 ባወጡት ጥናት 1,530 የኔዘርላንድ ሰዎችን አይተው ነበር፣ ከነሱ 974ቱ ሽርሽር የሄዱ ናቸው። ተጓዦቹ ከመሄዳቸው በፊት ካልሄዱት የበለጠ ደስተኛ ነበሩ፣ ጉጉቱ ነው መሰለኝ፣ ከተመለሱ በኋላ ግን እጅግ ዘና ያለ እረፍት ካሳለፉት በስተቀር ከቤት ከቀሩት ልዩነት አልነበራቸውም። ጉዞ አትሂዱ አይደለም፣ አስራ አንዱን ወር በአንዱ ወር አታስይዙት ነው።

8. እንደገና ለኩ

አራተኛው ሳምንት ሲያልቅ ያንን የታጠፈ ገጽ ሳትከፍቱ አዲስ ገጽ ላይ ሶስቱንም መለኪያ ሙሉ፣ መሰላሉን፣ አምስቱን፣ እና የኔዋን ጥያቄ። ከዛ አነጻጽሩ።

መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው የትርፍ ጊዜ ጥያቄዋ ነው፣ መሰላሉ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ወይም ትንሽ ነው የሚመጣው። የኔ ከ2 ወደ 5 ሄደች፣ መሰላሉ ከ5 ወደ 6፣ አምስቱ ከ19 ወደ 22። ትንሽ ነው? አዎ። ህይወት ትርፍ ጊዜ ብቻ አይደለችም፣ ስራ አለ፣ ጤና አለ፣ ቤተሰብ አለ፣ ኪስ አለ፣ ጥናቶቹ ላይም ግንኙነቱ አለ እንጂ ሁሉን ቻይ አይደለም። ደግሞም በሁለት አቅጣጫ ነው የሚሄደው፣ መዝናናት ያረካል፣ የረካ ሰውም ወጣ ወጣ ይላል። ትልልቅ ሰዎች ጋ ግን ችላ አትበሉት፣ በ2023 የወጣ ጥናት በ16 አገሮች 93,263 እድሜያቸው 65 እና ከዛ በላይ የሆኑ ሰዎችን አይቶ ሆቢ ያላቸው የድብርት ምልክታቸው ያነሰ፣ የህይወት እርካታቸው ደግሞ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቷል። እናትና አባታችሁ ጡረታ ላይ ከሆኑ ይሄን ደብተር አብራችሁ ሙሉት።

የትርፍ ጊዜዋ ቁጥር ወጥታ መሰላሉ ፍንክች ካላለ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፣ ሆቢ በመጨመር አትፈቱትም፣ ወደ ስራው ወይ ወደ ትዳሩ ወይ ወደ ጤናው ሂዱ። ሁለቱም ካልተንቀሳቀሱ ወደ 4ኛው ደረጃ ተመለሱና የመረጣችሁት ነገር ባዶውን አምድ ሞልቶታል ወይ ብላችሁ እዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የለመድነውን አምድ ነው ደግመን የምንሞላው። ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ በፊት የምትወዱት ነገር ሁሉ ምንም የማይሰማችሁ ከሆነ፣ እንቅልፍና ምግብም ከተዛባ፣ ይሄን መመሪያ ዝጉትና ሃኪም ወይም የስነልቦና ባለሙያ አናግሩ፣ እሱ የሆቢ ጉዳይ አይደለም።

ቁጥሩ ከተስተካከለም ደብተሩን አትጣሉት። የለመድነው ነገር ጣእሙ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ከሶስት ወር በኋላ አንድ ቀን ምረጡና ከ1ኛው ደረጃ ጀምሩ፣ ቀኑን አሁኑኑ የደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉት። እኔ ያን ጊዜ ስለካ ትርፍ ጊዜዋ ወደ 4 ወርዳ ነበር፣ ኩባያና ወንበር ሰልችቶኝ፣ አሁን ወደ ሰው ፊት ተመልሻለሁ፣ አፍንጫው ላይ ነኝ።